የከርሰ ምድር ነዳጅና አብሮት የሚወጣው ውሃ፦ የመንግሥት የምርምር በጀት ቅደም ተከተል ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አገር አንጻር

መግቢያ

መካነ ሰላም በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ፣ ከደጋው ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከከተማዋ ተነሥቶ ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደወይን የሚሻገረው መንገድ ዓባይን አቋርጦ ያልፋል። በስተ ሰሜን በሽሎ፣ በስተ ደቡብም ወለቃና ጀማ ደጋውን እየሰነጠቁ ወርደው ሁሉም ከዓባይ ይገባሉ። የአካባቢው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፣ መስኖ ባለበትም ማሳውን የሚያረካው፣ ቤተሰቡም የሚጠጣው ወደ እነዚህ ወንዞች ከሚወርዱት ምንጮችና ጅረቶች ነው።

ከመካነ ሰላም በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በወረኢሉ አካባቢ ደግሞ ከምድር እየመነጨ የሚታይ ነዳጅ ዘይት መኖሩ በሥነ ምድር ጥናቶች ተመዝግቧል። ይህ ምልክት የማዕድን ባለሙያዎችን ትኩረት ከሳበ ቆይቷል። ሆኖም ከዚህ አገር ወጥቶ ለገበያ የዋለ ነዳጅ የለም። በመሆኑም አካባቢው በሁለት ሀብቶች መካከል ይገኛል ለማለት ይቻላል። አንደኛው ዛሬ በእጅ ያለው ውሃ ሲሆን ሁለተኛው ገና በተስፋ ያለው ነዳጅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነዳጅና ጋዝ ከምድር የሚወጣበትን፣ አብሮት የሚወጣውም ውሃ የሚጣራበትን መንገድ ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች ማስረዳት ነው። ከዚህም ጋር መንግሥት ለእነዚህ ሁለት የምርምር ዘርፎች ገንዘብ ሲመድብ የትኛውን ማስቀደም እንደሚገባው፣ በምን ምክንያትም እንደሚገባው ለማመልከት ይሞክራል።

ከጥቁሩ ድንጋይ በታች

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ይህ ድንጋይ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ቀዝቅዞ የተፈጠረ ነው። ለም የሆነው ጥቁር አፈር የተገኘውም ከእርሱ መፈራረስ ነው። ነዳጅ ግን በእሳት ቀልጦ ከተፈጠረ ዐለት አይመነጭም። ነዳጅ የሚገኘው በጥንት ባሕር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ደቃቅ ፍጥረታት ከጭቃ ጋር ተቀብረው፣ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በምድር ሙቀትና ግፊት ሲለወጡ ነው።

ታዲያ በባዛልት አገር ነዳጅ ከየት መጣ? የዚህን መልስ ለማግኘት ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ያስፈልጋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ቁልቁል የሚጓዝ ሰው የምድርን የታሪክ መጽሐፍ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እንደሚገልጥ ያህል ነው። ከሁሉ በላይ ባዛልቱ ይታያል። ከእርሱ ሥር የላይኛው አሸዋማ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጄሶና የሸክላ ድንጋይ የተቀላቀሉበት ንብርብር፣ ከእነዚህ በታችም የአዲግራት አሸዋማ ድንጋይ ይገኛል። የኖራ ድንጋዩና ጄሶው ይህ አገር በዳይኖሰሮች ዘመን በባሕር ተሸፍኖ እንደ ነበረ ምስክሮች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በፔትሮሊየም ሥነ ምድር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንደሚገልጸው በዓባይ ተፋሰስ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ደለል ዐለት ውፍረት እስከ 3000 ሜትር ይደርሳል። በኖራ ድንጋዩ ክፍል ውስጥ በሚገኘው ጥቁር የሸክላ ድንጋይ ላይ በተደረገው ምርመራም ከሕይወት ያላቸው ነገሮች የተገኘው ካርቦን በአንዳንድ ናሙና እስከ 7 ከመቶ ደርሷል። ይህ መጠን ነዳጅ ለማመንጨት የሚችል ዐለት መኖሩን ያመለክታል። የወረኢሉም ነዳጅ ከእንዲህ ያለው የታችኛው ዐለት ተነሥቶ በስንጥቅ በኩል ወደ ላይ የወጣ መሆኑን መረዳት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ አመንጪ ዐለት መኖሩ ብቻውን ነዳጅ በብዛት ተከማችቶ ይገኛል ማለት አይደለም። ነዳጁ የሚጠራቀምበት ቀዳዳማ ዐለት፣ ወደ ላይ እንዳያመልጥ የሚከድነው ጥብቅ ዐለት፣ እንዲሁም ሁለቱ ተገጣጥመው የሚፈጥሩት ወጥመድ ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ የተለመደው ዘዴ ከምድር ገጽ ላይ የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ልኮ የሚመለሰውን ማስተጋባት መመዝገብ ነው። ባዛልቱ ግን ሞገዱን ስለሚበታትነው ከእርሱ ሥር ያለውን ሥዕል ያደበዝዛል። ስለዚህም የወሎ ደጋ ለተመራማሪው እንደ ተከደነ ማሰሮ ነው። ክዳኑን ሳያነሡ ውስጡን ለማወቅ የስበት፣ የመግነጢስና የምድር ኤሌክትሪክ ልኬቶችን አጣምሮ መጠቀም ግድ ይሆናል። ይህም ዓመታት የሚወስድና ትርፉ አስቀድሞ የማይታወቅ ሥራ ነው።

ነዳጅ ከጉድጓድ የሚወጣበት መንገድ

ብዙ ሰው ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተኝቶ የሚገኝ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ነዳጁ ውሃ በአሸዋ ውስጥ እንደሚሰርግ ሁሉ በዐለቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ተጣብቆ ይኖራል። ስለዚህም ጉድጓድ በተቆፈረ ጊዜ ሁሉም አይወጣም። አወጣጡ በሦስት ደረጃ ይከፈላል።

ሀ. የመጀመሪያው ደረጃ፦ በከርሰ ምድሩ የተፈጥሮ ግፊትና በፓምፕ ኃይል ብቻ የሚከናወን ነው። በዚህ ደረጃ የሚገኘው በአማካይ ከጠቅላላው ክምችት 10 ከመቶ ያህል ነው።

ለ. ሁለተኛው ደረጃ፦ ግፊቱ ሲደክም በሌላ ጉድጓድ በኩል ውሃ ወይም ጋዝ ወደ ውስጥ ገብቶ ነዳጁን እንዲገፋው ይደረጋል። እስከዚህ ያለው ድምር ከ20 እስከ 40 ከመቶ ይደርሳል።

ሐ. ሦስተኛው ደረጃ፦ እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም እንደ ሳሙና ያለ ኬሚካል ገብቶ ከዐለቱ ጋር የተጣበቀው ነዳጅ እንዲላቀቅ ይደረጋል። በዚህ መንገድ ከ30 እስከ 60 ከመቶ ሊገኝ ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በተሻለው ዘዴ እንኳ ከክምችቱ ውስጥ ትልቅ ክፍል በምድር ውስጥ ይቀራል። መንግሥታት ለነዳጅ አወጣጥ ምርምር ገንዘብ የሚመድቡትም ይህን ቀሪ ለማሳነስ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

አብሮ የሚወጣው ውሃ

ከነዳጅ ጉድጓድ ነዳጅ ብቻ አይወጣም። ከነዳጁ ጋር በዐለቱ ውስጥ ለሚሊዮን ዓመታት የተቀበረው ውሃ አብሮ ይወጣል፤ ለመግፊያነት የገባውም ውሃ ተመልሶ ይመጣል። በዓለም ላይ በአማካይ ለአንድ በርሜል ነዳጅ ሦስት በርሜል ያህል ውሃ እንደሚወጣ ይገመታል። ጉድጓዱ እያረጀ ሲሄድ የውሃው ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ብቻ ከነዳጅና ከጋዝ ጉድጓዶች የወጣው ውሃ 21 ቢሊዮን በርሜል ያህል ነበር። በዚህ መለኪያ ሲታይ የነዳጅ ሥራ ከሁሉ በፊት የውሃ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ውሃ እንደ ምንጭ ውሃ አይደለም። በውስጡ የዘይት ጠብታ፣ የሟሙ የከባድ ብረት ዓይነቶች፣ አንዳንድ ጊዜም ከዐለቱ የተወሰዱ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ይገኙበታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ጨው ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ከነዳጅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ከዚህ አነስተኛ ጨው የሚይዝበት ቦታ ቢኖርም በብዙ አገር ግን የባሕሩን እጥፍ ድርብ ይይዛል። በአንጻሩ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መመሪያ መሠረት በሊትር ከ2 ግራም በላይ የሟሟ ጨው ያለበት ውሃ ለመስኖ ከባድ ገደብ የሚጣልበት ነው። ማሳ አንዴ ጨው ከጠጣ ወደ ቀድሞ ለምነቱ ለመመለስ ረጅም ጊዜና ብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠይቃል።

የማጣሪያው ሥራ ደረጃ በደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ውሃው በገንዳ ውስጥ እንዲረጋ ሲደረግ ቀላሉ ዘይት ይንሳፈፋል፣ አሸዋውም ይዘቅጣል። ቀጥሎ ደቃቅ የአየር አረፋ ከሥር እየተለቀቀ ቀሪውን የዘይት ጠብታ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በአሸዋ፣ በከሰል ወይም በረቂቅ ወንፊት ይጣራል። የሟሟውን ጨው ለማስወገድ ግን እጅግ ጠባብ በሆነ ሽፋን ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ማሳለፍ ወይም ውሃውን ማትነን ያሻል። የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ ይልቅ ኃይልና ገንዘብ የሚፈጅ ስለሆነ ብዙ ኩባንያዎች ውሃውን መልሰው ወደ ጥልቅ ምድር ማስገባትን ይመርጣሉ።

መልሶ ማስገባቱም ቢሆን ያለ ጥናት ሲደረግ የራሱን ጉዳት ያመጣል። በአሜሪካ በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2009 በፊት በሬክተር መለኪያ 3 እና ከዚያ በላይ የሆነ የምድር መንቀጥቀጥ በዓመት ከጥቂት ጊዜ በላይ አይደርስም ነበር። ከነዳጅ ሥራ የተረፈውን ውሃ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ማስገባት በተስፋፋ ጊዜ ግን በ2015 ብቻ ከ900 በላይ ተመዘገበ። የክፍለ ግዛቱ ባለ ሥልጣኖች የሚገባውን ውሃ መጠን እንዲቀንስ ካደረጉ በኋላ መንቀጥቀጡ እየቀነሰ መጣ። በዚያ አገር ነዳጁን የማውጣቱ ዕውቀት ውሃውን የማስወገዱን ዕውቀት ቀድሞት ስለ ነበር ዋጋው የተከፈለው ዘግይቶ ነው።

በኢትዮጵያ የተገኘው ልምድ

የፍሳሽ ውሃ ማጣራት ምርምር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በስዊድን መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ የባዮቴክኖሎጂ ፕሮግራም አማካይነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ የሙከራ ማጣሪያ አቋቁመው ሠርተዋል። በዚሁ በሞጆ በተደረጉት ጥናቶች ሸምበቆ፣ ፊላና ቄጠማ በተተከለበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ውስጥ ፍሳሹን በማሳለፍ ለቆዳ ማልፊያ የሚውለውን ክሮሚየም ለመቀነስ እንደሚቻል ታይቷል። ሥራውን የሚሠሩት በሥሮቹ ዙሪያ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን፣ አሸዋውና ተክሉ ራሱ ናቸው።

ይህ ዘዴ ለነዳጅ ሥራም እንደሚውል የኦማን ልምድ ያስረዳል። በኦማን በረሃ በኒምር ከነዳጅ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ በሰፊ የሸምበቆ እርሻ ውስጥ እንዲያልፍ እየተደረገ ዘይቱ በረቂቅ ተሕዋስያን ይበላል። ውሃው ከዚያ ወደ መትነኛ ገንዳዎች ይሄዳል። በሞጆ የቆዳ ፋብሪካና በኒምር የነዳጅ ሜዳ መካከል ብዙ ርቀት ቢኖርም የሳይንሱ መሠረት አንድ ነው። ስለዚህም በፍሳሽ ውሃ ላይ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ነገ በነዳጅ ሜዳ ላይ ቢሰማራ ከዜሮ አይጀምርም።

በዚያው በደቡብ ወሎ፣ በምሥራቁ ክፍል በኮምቦልቻ ያለው ሁኔታ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በከተማይቱ ያሉት ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን የሚለቁባቸው ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ትንንሽ ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ ቦርከናም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በእነዚህ ወንዞች ላይ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ የተደረገ ጥናት ከፋብሪካዎቹ የሚወጡ እንደ ክሮሚየምና ዚንክ ያሉ ብረቶች ወደ ወንዞቹ እንደሚገቡ አረጋግጧል። ለኢንዱስትሪ ዕድገት የኮምቦልቻ አስፈላጊነት የማይካድ ነው። ነገር ግን ልኬቱ የተካሄደው ፋብሪካዎቹ ሥራ ከጀመሩ ከብዙ ዓመት በኋላ በመሆኑ ወንዙ ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር በቁጥር ለማነጻጸር የሚያስቸግር ነው።

ሕጉን በተመለከተ የፔትሮሊየም ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 295 የወጣው በ1978 ዓ.ም. ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የወጡት በ1995 ዓ.ም. ነው። በነዳጁ ሕግና በብክለቱ ሕግ መካከል 17 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ይህ የቀን ልዩነት የማንንም ጥፋት ለማሳየት የተጠቀሰ አይደለም። በብዙ አገር የነዳጅ ነገር እንደሚቀድም፣ የውሃም ነገር እንደሚከተል ለማመልከት ብቻ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ነዳጅና ጋዝ ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የካሉብ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ በተከታዩም ዓመት በሂላላ ተጨማሪ ተገኘ። በ1980ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች በቦታው ላይ ጉድጓዶች ቆፈሩ። በ1990ዎቹም ከዓለም ባንክ ብድር ተፈቅዶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተለያዩ ኩባንያዎች ተፈራርቀውበታል። የመጀመሪያው የጋዝ ማምረቻ የተመረቀው ግን በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. ነው። ከግኝቱ እስከ ምረቃው ከ50 ዓመት በላይ ተቆጥሯል። በወረኢሉ የታየውን ምልክት ይዞ ነገ ሀብት ይመጣል ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ይህን ዘመን ማስታወስ ይገባዋል።

የምርምር ገንዘብ ሁለት ምንጭ አለው፤ እነርሱም ኩባንያውና መንግሥት ናቸው። ኩባንያ የሚያጠናው ለመሸጥ ያሰበውን ነገር ነው። ጥናቱ በቅርብ ጊዜ ትርፍ የማያስገኝ ሲሆን ይተወዋል፤ ይህም ከኩባንያ ባሕርይ የሚጠበቅ ነው። መንግሥት ግን ረጅም ጊዜ የሚፈጀውንና ትርፉ ለሁሉም የሆነውን ጥናት ሊሸከም ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1992 ድረስ በምሥራቁ የአገሩ ክፍል በሚገኘው የሸክላ ድንጋይ ውስጥ የታሰረውን ጋዝ ለማውጣት የሚያስችል ጥናት በበጀቱ ደግፏል። ከዚህ ዓይነቱ ድንጋይ የሚወጣው ጋዝ ገበያውን የለወጠው ግን ከ2000 ዓመት በኋላ ነው።

ኢትዮጵያም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽንን ካቋቋመችበት ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ምርምርን በመንግሥት ደረጃ ለመምራት ጥራለች። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ለዘርፉ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ቢያንስ 1.5 ከመቶ በየዓመቱ እንዲመደብ አሳስቧል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2017 በመዘገበው መሠረት ግን ለምርምርና ሥርጸት የዋለው 0.27 ከመቶ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት ፍጹም አንድ የሆነ ነገር ባይሆንም በዕቅድና በተግባር መካከል ያለውን ክፍተት ያሳያሉ። ገንዘቡ ጥቂት በሆነ መጠን ቅደም ተከተሉን በጥንቃቄ መወሰን ይበልጥ ያስፈልጋል።

ውሃው ለምን ይቀድማል?

ድኻ አገር ገና ላልተገኘ ነዳጅ ሲባል የምርምር ገንዘብ ሊያወጣ አይገባም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ወንበር፣ ጤና ጣቢያውም መድኃኒት ሳይሟላለት ስለ ከርሰ ምድር መጨነቅ ቅንጦት ይመስላል። ተቃውሞው ክብደት ያለው ስለሆነ በችኮላ ሊታለፍ አይገባውም። መልሱ የሚገኘው ምርምሩን በሁለት ከፍሎ በማየት ነው።

የነዳጅ አወጣጥ ምርምር ዋጋ የሚኖረው ነዳጁ ከተገኘ ብቻ ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ነዳጅ በበቂ መጠን ካልተገኘ ለዚሁ ቦታ ተብሎ ስለ አወጣጡ የተደረገው ጥናት ለአካባቢው ሕዝብ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የውሃ ምርምር ግን ነዳጁ ቢገኝም ባይገኝም ዋጋውን አያጣም። የበሽሎ፣ የወለቃና የጀማ ገባሮች በየወቅቱ የሚይዙት የውሃ መጠን፣ የጨው ልክ፣ የጭቃና የረቂቅ ተሕዋስያን ብዛት ተለክቶ ቢመዘገብ የመጠጥ ውሃ ለሚዘረጋው መሐንዲስ፣ መስኖ ለሚያቅደው የግብርና ባለሙያ፣ የተቅማጥ በሽታን ለሚከታተለው የጤና ሠራተኛ ወዲያውኑ ይጠቅማል። ነዳጅ ከተገኘ ደግሞ ከሥራው በፊት ውሃው ምን ይመስል እንደ ነበር የሚመሰክር ብቸኛ ማስረጃ ይሆናል።

ሌላም ምክንያት አለ። ነዳጅ ፈላጊው ኩባንያ ቁፋሮውን በራሱ ወጪ ሊያካሂድ ይችላል፤ ትርፍ ይጠብቃልና። የምንጭን ውሃ ለ10 ዓመት በየወሩ እየለካ የሚመዘግብ ኩባንያ ግን አይገኝም። ከውሃው የሚገኘው ጥቅም ተሽጦ ወደ ኩባንያው ካዝና የሚገባ ስላልሆነ የመንግሥት ገንዘብ ካልደረሰለት በቀር ጥናቱ ሳይሠራ ይቀራል። ጊዜውም ካለፈ መልሶ ሊሠራ አይቻልም። የነዳጅ ጥናት በ20 ዓመት ቢዘገይ ነዳጁ በዐለቱ ውስጥ ይቆያል። ያልተበከለ ወንዝን መለካት ግን ወንዙ ከተበከለ በኋላ አይሞከርም።

ስለዚህም ለፕላን ባለሙያው የሚቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የውሃው መነሻ ልኬት ይደራጅ። ወጪው አነስተኛ ነው፤ የውሃን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በመለካት የሟሟውን ጨው የሚያመለክተው መሣሪያ በኪስ የሚያዝ ነው። ቀጥሎ በፍሳሽ ማጣራት ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ በተለይም የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ሞጆ ያለውን ልምድ ለደጋው አየር ጠባይ በሚስማማ መንገድ ይፈትኑት። የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ሲሰጥም የውሃው ጥናት ከቁፋሮው በፊት የሚጠናቀቅበት ጊዜና ገንዘብ በውሉ ውስጥ ተለይቶ ይቀመጥ።

የትምህርት ቤቱ ድርሻ

ይህ ጉዳይ ለክፍል ትምህርት የሚመች ነው። በአጠቃላይ ሳይንስ፣ በኬሚስትሪና በጂኦግራፊ ትምህርቶች ውስጥ የሚገኙትን አርእስት ከተማሪው አካባቢ ጋር ያገናኛል። በሦስት ቀላል ሙከራዎች ዋናውን ሐሳብ ለማስጨበጥ ይቻላል።

አንደኛው ሙከራ የነዳጅ አወጣጥን የሚመለከት ነው። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ከምግብ ዘይት ጋር ተለውሶ ይደረጋል። በቀጭን ቱቦ አማካይነት ውሃ እስከ ሥሩ ሲወርድ ከዘይቱ ጥቂቱ ተላቅቆ ይንሳፈፋል፤ የቀረው ከአሸዋው ጋር እንደ ተጣበቀ ይኖራል። ቀጥሎ ሳሙና የሟሟበት ለብ ያለ ውሃ ሲጨመር ተጨማሪ ዘይት ይወጣል። ተማሪዎቹ የወጣውን ለክተው ከገባው ጋር በመቶኛ ሲያነጻጽሩ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ በዓይናቸው ያያሉ።

ሁለተኛው ሙከራ የውሃ ማጣራትን ይመለከታል። ጨው፣ ዘይትና አፈር የተቀላቀለበት ውሃ በመጀመሪያ ይረጋል፤ ከዚያ ሥሩ በተቀደደ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ በተደረደረ ጠጠር፣ አሸዋና ከሰል ይጣራል። የሚወርደው ውሃ ለዓይን ንጹሕ ይመስላል። ከእርሱ ጥቂቱ በሳሕን ተደርጎ በፀሐይ ሲተን ግን ነጭ ጨው ይቀራል። ተማሪው በዚህ አንድ የማይረሳው ነገር ይማራል፤ ይኸውም ጥሩ የሚመስል ውሃ ሁሉ ጥሩ አለመሆኑን ነው። የተጣራውን ውሃ ማንም እንዳይቀምሰው መምህሩ አጥብቆ ማሳሰብ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ሥራ ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው የምንጭ መዝገብ ነው። ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነ አንድ ምንጭ ይመረጣል። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን የሚሞላበት ጊዜ በሰዓት ይለካል። ለምሳሌ በ40 ሴኮንድ ከሞላ ምንጩ በደቂቃ 30 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። የውሃው ጥራት፣ ሽታና ሙቀት ይጻፋል፤ በግንቦትና በነሐሴ መካከል ያለው ልዩነትም በሠንጠረዥ ይነጻጸራል። መምህሩ ቢዛወር፣ ተማሪውም ክፍል ቢያልፍ መዝገቡ ለሚቀጥለው ክፍል ይተላለፋል። በአምስት ዓመት ውስጥ 60 ልኬቶች ይጠራቀማሉ። እነዚህ የባለሙያን ልኬት ሊተኩ አይችሉም፤ ሆኖም ባለሙያው ሲመጣ የት እንደሚጀምር ያመለክቱታል።

በዚህ ሥራ ውስጥ መምህሩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። ተማሪዎች ስለ ወረኢሉ ነዳጅ ሲሰሙ አገሩ ነገ ባለጸጋ የሚሆን ሊመስላቸው ይችላል። ወይም በአንጻሩ ነዳጅ ከተገኘ ውሃው ሁሉ ይጠፋል ብለው ሊፈሩ ይችላሉ። ሁለቱም ከዕውቀት የራቁ ናቸው። መምህሩ የሚታወቀውን ከሚገመተው ለይቶ፣ ልኬት ያለውን ከወሬ ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል። የሳይንስ ትምህርት ዋና ፍሬም ይኸው ነው።

ማጠቃለያ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ከባዛልቱ በታች ነዳጅ ለማመንጨት የሚችል ዐለት መኖሩን ጥናቶች ይጠቁማሉ። በወረኢሉ የታየውም ነዳጅ ለዚህ ተጨማሪ ምልክት ነው። ሀብቱ ለጥቅም የሚበቃ መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው ረጅም ምርምር ነው። የካሉብ ጋዝ ከ50 ዓመት በላይ መጠበቁ፣ በኦክላሆማም የውሃው ጉዳት ዘግይቶ መታወቁ ሁለቱን ጥናቶች በየራሳቸው ጊዜ መምራት አስፈላጊ መሆኑን ያስተምራሉ።

የምርምር በጀቱ ውሱን ከሆነ መጀመሪያ ሊመደብ የሚገባው በማናቸውም ሁኔታ ለማይከስረው፣ ጊዜውም ካለፈ ለማይመለሰው ጥናት ነው። ይህም የውሃው ጥናት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መሣሪያውንና ባለሙያውን፣ ዩኒቨርሲቲዎች ምርምሩን፣ ትምህርት ቤቶችም የየቀበሌያቸውን የምንጭ መዝገብ ቢያቀርቡ የነዳጅ ፈላጊው ማሽን ወደ ደጋው በሚወጣበት ቀን ገበሬው ስለ ውሃው በቁጥር የሚናገርበት ማስረጃ በእጁ ይገኛል። ማሽኑ ሳይመጣ ቢቀርም ንጹሕ ምንጩን ለይቶ የሚያውቅ ትውልድ አፍርቷልና ድካሙ ከንቱ አይሆንም።